የአባ ታከለ ጉድጓድ

በእኛ ጊዜማ ስንዱዬ፣ ስለሚመጣው ዘመን የሚወራው ለቅሶ ቤት ነበር። እውነቴን ነው! ሰው አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት፣ ንፍሮውን እየዘገነ ቁጭ ሲል፣ አንዱ "እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ዘመን ይመጣ ይሆን?" ይላል፣ ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉም ነቢይ ነው! አንዱ "የሰው ቁመት ያጥራል" ይላል፣ አንዱ "ልጅ አባቱን አንተ ይለዋል" ይላል፣ አንዱ "ሴት በወንድ ላይ ትሾማለች" ይላል፣ እና እኛ ሴቶቹ ጓዳ ሆነን "እሱንስ ባመጣው!" እያልን እንስቃለን። አንቺም አሁን ስልክሽን ይዘሽ "እማማ፣ ወደፊት ማሽን ሰው ሳይኖር ብቻውን ያርሳል፣ ሐኪም ሰውየውን ሳይነካው በሽታውን ያውቃል፣ ረኀብም በሽታም ይጠፋል" ስትይኝ ጊዜ ሳቄ መጣ። ተቀየምሽኝ። ባንቺ አልሳቅሁም። አያትሽን አስታወስሽኝ። ቁርጥ እሱን! አነጋገርሽ ሳይቀር የሱ ነው።

አያትሽ ገበየሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አዲስ ነገር ሲሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። በዚህ በእስቴ ምድር እንደሱ ወሬ የሚያሳድድ ገበሬ አልነበረም። መካነ ኢየሱስ ገበያ ስልከው ጨው ይዞልኝ የሚመጣ ይመስልሻል? ጨዉን ይረሳና ወሬውን ይዞ ይመጣል! ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው እንግዲህ፣ ከተማው ላይ ትምህርት ቤት ተከፍቶ አንድ አስተማሪ መጥቶ ነበር። ቀጭን ነው፣ ኮት ይለብሳል፣ ራዲዮ አለው። እና ገበየሁ ከሱ ጋር ተወዳጀ፣ ገበያ በሄደ ቁጥር እሱ ዘንድ ነው የሚውል። ሲመለስ ገና ከደጅ "እናኑ! አንቺ እናኑ! ሰምተሻል?" ይለኛል። "ምን ልስማ?" "ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ እኮ!" "ጨዉስ?" እለዋለሁ። "አንቺ ደግሞ! ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ስልሽ ስለ ጨው ታወሪያለሽ?" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ወጡን ያለ ጨው አቀርብለታለሁ፣ ጨረቃውን እያየ ይብላ!

ታዲያ የገበየሁ አባት፣ አማቴ አባ ታከለ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው፣ አንድ ነገር ብለው ያበቃሉ። እና ከበረቱ ኋላ የእህል ጉድጓድ ነበራቸው። አያታቸው እህል ከወታደር ሊደብቁ የቆፈሩት ነው አሉ። አፉ ጠባብ ነው፣ ሆዱ ግን ሰፊ፣ ውስጡ ጭድ የተነጠፈበት። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥመው በጭቃና በእበት ይመርጉታል፣ አፈር ያለብሱታል፣ የማያውቅ ሰው ላዩ ላይ ቢቆምም አያውቀው። በያመቱ እህል ተወቅቶ ሲገባ፣ ጎታው ሳይሞላ መጀመሪያ ጉድጓዱ ይሞላል። የከረመው ገብስ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ሲከፈት ደግሞ ትንፋሹ ሰው ይጥላል፣ ይገድላል፣ ስለዚህ ድንጋዩን አንስተው "ራቁ! ራቁ! መጀመሪያ ይተንፍስ!" እያሉ ይቆጣሉ፣ ልጅ አይቀርብም፣ ዶሮ እንኳ አይቀርብም።

እኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ ጎታው ጎድሎ ጉድጓዱ ሲሞላ አየሁና "አባባ፣ ይሄ የማን እህል ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "የሚመጡት ሰዎች ነው" አሉኝ። "እነማን ናቸው የሚመጡት? እንግዳ አለብን እንዴ?" አልሁ ደንግጬ፣ ልጅ ነኝ እኮ፣ ለስንት ሰው ልፈጭ ነው ብዬ! ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። "አንቺ ትወልጃቸዋለሽ" አሉኝ።

እና እንዲህ ስንኖር የገበየሁ እናት አረፉ። ደግ ሴት ነበሩ፣ አገር አለቀሰላቸው። የአርባቸው ተዝካር ሲቃረብ ታዲያ ነገር መጣ። አባባ "ጎታ ያለው ለካህናቱና ለደኃው ይበቃል" አሉ። ገበየሁ ደግሞ "አገር ይጠራል! ጉድጓዱ ይከፈት!" አለ። የእናቱ ወንድሞች ከስማዳ፣ ከወገዳ በኩል መጥተው ነበር፣ እነሱም ከገበየሁ ጋር አበሩ፣ "እኅታችንን ቆሎ በትናችሁ ልትሸኟት ነው ወይ?" አሉ። የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይሉ "ኧረ ልጆቼ፣ ተዝካር ለነፍስ ነው እንጂ ለጎረቤት አይደለም" ቢሉ ማን ሰምቷቸው።

እኔ እዚያው ቆሜ ነው የሰማሁት፣ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ገበየሁ ተነሳና "አባባ፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል! ይሄ ጉድጓድ የጥንት ሰው ነገር ነው። ከእንግዲህ ረኀብ የሚባል በወሬ ነው የሚሰማ" አለ።

"ማን አለ?" አሉ አባባ።

"አስተማሪው። ራዲዮውም ይናገራል። አገር ላገር በሽቦ ይነጋገራል፣ አንዱ ዘንድ ዝናብ ቢቀር በሽቦ ይነገርና ከተረፈው አገር እህል በመኪና ይጫናል፣ መንገድ ይወጣል፣ መኪናው እዚሁ በበራችን መጥቶ ያራግፋል!"

"እሺ፣ ይመጣል።"

"ይመጣላ!"

"እኔ አይመጣም መቼ አልሁ? ይመጣል። መቼ ነው የሚመጣ?"

"በቅርቡ ነዋ፣ አባባ!"

"ለዘንድሮ ነው፣ ለከርሞ?"

አባባ አዩት፣ አዩትና "እስኪመጣስ ምን እንበላለን?" አሉ።

ታዲያ አጎቶቹ ሳቁ! "ሽማግሌው ከሚስታቸው ገብሱ በለጠባቸው" አለ አንደኛው። ምላሱን ይቁረጠውና! ያቺ ነገር ገብታ ወጋቻቸው። እሳቸው እኮ ሚስታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚያዩዋቸው። ተነሱ፣ ዶማውን አነሱ፣ ማንንም አላዘዙ፣ ራሳቸው አፈሩን ገልጠው ድንጋዩን አነሱት። ያን ቀን "ራቁ" እንኳ አላሉም። ዘወር ብለው ቤት ገቡ።

ወይ ተዝካር! ጠላው ተጠመቀ፣ እኔው ነኝ ያስጠመቅሁት፣ አገር ጠጥቶ ሰከረ፣ ዘፈን የቀረው ለሙታን ነውር ነው ተብሎ ነው እንጂ። "የአባ ታከለ ቤት ተዝካር!" እየተባለ በየገበያው ተወራ። ገበየሁ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። "ጉድጓዱን ለከርሞ እንሞላዋለን" አለ። ለከርሞ አዝመራው ስስ ሆነ፣ ጎታውንም አልሞላ። "ለሚቀጥለው" አለ። በሚቀጥለው ክረምቱ ገባ ብለን ዘራን፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆመ። ቆመ በቃ። ገብሱ ሳይሸት መሬት ላይ ነደደ፣ ስንዴውም፣ ባቄላውም። ከዚያ ከብቱ አለቀ። አህያ የሚባል ነገር ከአገር ጠፋ። ዘሩን በላነው። ሰው ዘሩን ከበላ ምን ቀረው ብለሽ ነው?

አባባ አንድ ቀን እንኳ "አላልኋችሁም ነበር?" አላሉም። ቢሉት ይሻል ነበር! ገበየሁ እሳቸው ካሉበት እየሸሸ ሜዳ ላይ ይውላል። እየሄደ የጉድጓዱን አፍ ያያል፣ ይመለሳል።

እና አንድ ቀን እየሮጠ መጣ። "መጣ! አላልኋችሁም? ደብረ ታቦር እህል በመኪና መጣ!" እውነትም መጥቶ ነበር። ግን መኪናው ደብረ ታቦር ቆመ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የለ፣ በአህያ እንዳይጫን አህያው አልቋል! ጉድ አይደለም? እህሉ እዚያ ተከምሮ እኛ እዚህ እንራባለን። ገበየሁ "ጀርባዬ አህያ ይሁን፣ ተሸክሜ አመጣለሁ" ብሎ አኩፋዳ የማትሞላ ቆሎ ይዞ ሄደ። እዚያም ሰዉ እንደ አሸዋ ነው አሉ፣ ተራ ጥበቃ ነው።

ቤት የቀረነው እኔ፣ አባባና እናትሽ ነን። እናትሽ አስናቁ ገና ድክ ድክ ትላለች፣ ጡቴም ደርቋል። ያለችንን ጥቂት ገብስ ቆልቼ እፈጫለሁ፣ በውኃ በጥብጬ ለሦስት እከፍላለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ለአባባ ሳቀርብላቸው "ተይው ልጄ፣ ሱባኤ ገብቻለሁ" አሉኝ። "ምን ሱባኤ አባባ፣ በዚህ ጊዜ?" "በዚህ ጊዜ ካልገባሁ መቼ ልገባ ነው? እግዜር ዝናቡን እንዲሰጠን ተስያለሁ። የኔን ለልጅቱ ስጫት።" ምን ልበላቸው? ሱባኤ የገባን ሰው ማን ያስገድፋል? የእግዜር ነገር ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳዊታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ የሳቸውን ድርሻ ለአስናቁ አጠጣታለሁ፣ ዓይኗ ይገለጣል። እሳቸው አሻግረው ያዩዋታል። "ጠጣች?" ይሉኛል። "ጠጣች አባባ።" "ተመስገን።"

እና መምሬ ኃይሉ ሊጠይቁን መጡ። ከደጅ ተቀብዬ "መምሬ፣ አባባ ሱባኤው ጎዳቸው፣ እባክዎ ይፍቱላቸው" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ቆም ብለው አዩኝና "የምን ሱባኤ?" አሉ። "ሱባኤ ገብተዋል እኮ!" "እኔ የነፍስ አባቱ ሳላውቅ? እኔ ምንም ሱባኤ አልሰጠሁትም" አሉ። እየሮጡ ገቡ። ገባኝ እኮ፣ ያን ጊዜ ገባኝ።

መምሬ በጥብጠው ባፋቸው ቢያደርጉላቸው አልወርድ አለ። ጉሮሯቸው ተዘግቷል። "ታከለ፣ ምነው? ምነው ደበቅኸኝ?" አሉና አለቀሱ፣ ቄሱ። አባባ ግን እኔን ጠሩኝ። "ጉድጓዱን ክደኑት" አሉኝ። "ባዶ ነው ብላችሁ አፈር እንዳትሞሉበት። ክደኑት።" "እሺ አባባ" አልሁ። አስናቁን አዩዋት፣ እና ያው።

ቀበርናቸው። ቀባሪውም ጉልበት የለውም፣ የመቃብሩ ጉድጓድም ጥልቅ አልሆነ። ይኸ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬም ይቆጨኛል፣ ያ ሁሉ ገብስ ጠላ ሆኖ ሲፈስ፣ ያ ሁሉ ሰው "ነፍስ ይማር" እያለ ሲጠጣ... አንዲት ቁና፣ አንዲት ቁና ብትቀር እኮ!

ታዲያ ብዙ ሳይቆይ፣ እኔ ደጅ ተቀምጬ ልጄን አቅፌ፣ ከወንዙ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። "አባባ! አባባ! መጣ!" ገበየሁ ነው። ጆንያ ተሸክሞ አንገቱ ተጣሞ "መጣ! አባባ፣ መጣ!" እያለ ይሮጣል። ጩኸቱን ጎረቤት ሁሉ ሰማው፣ ግን ማንም አልወጣም፣ ማን ይንገረው? ከደጅ ደረሰ፣ ፊቴን አየና ጆንያውን ሳያወርድ ቆመ። እንደ ተሸከመ ቆመ። "ጠበቁኝ?" አለኝ።

የአባባ ተዝካር ያ ገበየሁ የተሸከመው ስንዴ ነው። ንፍሮ ቀቀልሁት፣ መምሬ ፍትሐት አደረሱ፣ ጥቂት ሰው በእፍኝ በእፍኝ ቀመሰ። የዚያ እህል ጠባቂ ሰው ተዝካር በባዕድ አገር ስንዴ ወጣ።

ደግሞ የሚያሳዝነኝ ምን መሰለሽ? ገበየሁ አልዋሸም እኮ! የተናገረው ሁሉ ሆነ። መንገዱ ወጣ፣ ሽቦው ተዘረጋ፣ አሁንማ ያለ ሽቦም ይወራል። መኪናው በበራችን ያልፋል፣ አቧራውን ስጤ ላይ እያራገፈ። አንድም አልቀረ። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ እስኪሞት "ይመጣል" የምትል ቃል ካፉ አልወጣችም። ገበያ ሲሄድ ጨው ገዝቶ ይመጣል፣ ወሬ አያመጣም። እኔ "ምን ተባለ?" ስለው "ምንም" ይለኛል። የጠየቅሁት ወሬውን ናፍቄ ነው። ጨዉ ይቅርብኝ፣ ያን ሳቁን መልስልኝ እለው ነበር በሆዴ።

ጉድጓዱን ግን ጥቅምት በመጣ ቁጥር ራሱ ይሞላው ነበር። ስንጠግብም ይሞላዋል፣ ሲጎድለንም ይሞላዋል።

"ታዲያ እማማ፣ እኔ የምነግርዎት ሁሉ ውሸት ነው?"

ማን ውሸት አለሽ ልጄ? ይመጣል። ማሽኑም ይመጣል፣ ሐኪሙም ይመጣል። እናትሽን ያተረፋት የአባባ ሱባኤ ነው፣ አንቺም የሱባኤው ልጅ ነሽ፣ ስለዚህ ካንቺ አፍ የወጣውን አምናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ መቼ ነው?

"በቅርቡ ነዋ፣ እማማ!"

ኧረ በገዛ አፏ! ሰማችሁልኝ? "በቅርቡ ነዋ" አለች! ድምፁ ሳይቀር! አዬ ገበየሁ... አዬ... ቆይ እንባዬን ልጥረገው፣ ሳቅ ነው። በይ ተነሽ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ድንጋዩን አንሺልኝ፣ የዘንድሮው ገብስ አልገባም። ራቅ በይ ግን! ራቅ በይ፣ መጀመሪያ ይተንፍስ።