ከቦዩ ወዲህ
እስቲ ፍረዱኝ! እኔና ጎረቤቴ ጫልቱ ቡራዩ ላይ ከአንድ ገበሬ ቦታ ገዝተን ጎን ለጎን ቤት ሠራን። በመሃላችን ያለው አንድ ቦይ ብቻ ነው። በኋላ ከቦዩ ወዲያ ላሉት ካርታ ሲሰጥ፣ ከቦዩ ወዲህ ያለነው ቀረን። ባንክ ደግሞ ቤቱ ካርታ ለሌለው ሰው አያበድርም። ጫልቱ ሱቋን ልታሰፋበት ብድር ጠየቀች ሲሉኝ ቅናት አንጀቴን አሳረረው።

ባለፈው አንድ ወጣት በሬን አንኳኳ። «ከባንክ ነው የመጣሁት፤ ለብድሩ ቤቱን ልገምት» አለኝ። ተሳስቶ እንደመጣ ገብቶኛል፤ ግን ዝም ብዬ አስገባሁት። በሜትር እየለካ ግድግዳውን መታ መታ አደረገና «እንዴት ያለ ጠንካራ ቤት ነው! በዚህማ የጠየቁትን ያገኛሉ» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ። ቀጥሎ «ካርታውን ያሳዩኝ» አለ። በጣቴ ወደ ጫልቱ ቤት ጠቆምኩት።

ጫልቱ ግድግዳው የተሰነጠቀው ቤቷ በር ላይ ቆማ ስታየን ኖሯል። «አቦ፣ የኔማ ካንቺው ጋር ሲተያይ ጎጆ ነው!» ብላ ሳቀች።

«እንግዲያው እንቀያየር?» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። ሰውየውን አስገብታ በሩን ዘጋችው።