መቀስ ያበዛው ኮከብ

ሐጅ ሲራጅ አዲስ መቀስ ገዝተው የሕንፃውን ደረጃ ሲወጡ፣ ትኩስ የታሚስ ዳቦና ፉል ይዛ ከምትመለሰው ከጎረቤታቸው ልጅ ከጁማና ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጁማና የባሕርን ፍጥረት በዩኒቨርሲቲ ያጠናች ልጅ ናት። ሐጅ ሲራጅ ግን አርባ ዓመት በጂዳ ባሕር ላይ ዓሣ ያጠመዱ ሰው ስለሆኑ፣ የባሕር ዕውቀት ከመጽሐፍ ይገኛል ሲባል ይስቃሉ።

«አሰላሙ አለይኩም አጎቴ። መቀሱ ለምን ነው? ልብስ ስፌት ጀመሩ እንዴ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ለጦርነት ነው ልጄ! እነዚያ ጥፍር የሚያካክሉ የባሕር ኮከቦች የመስታወት የዓሣ ገንዳዬን ወረሩት። ለሁለት ለሁለት እየቆረጥሁ እጥላቸዋለሁ።»

«የት ነው የሚጥሏቸው?»

«እዚያው ውኃው ውስጥ ነዋ! ጓደኞቻቸው አይተው ይፍሩ።»

ጁማና ሳቋን ዋጠች። የገንዳውን ነገር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በመካከሉ እንደ አበባ የሚከፈተው፣ ኮራል የሚባለው ሐምራዊ የባሕር ፍጥረት የሐጅ ሲራጅ ጀልባ ትታሰርበት ከነበረው ዳርቻ የመጣ ነው። ዳርቻው በአፈር ተደልድሎ አውራ ጎዳና ሲሆን፣ እምቢ፣ ጀልባዬን አላነሣም ብለው የቆሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ያተረፉት ይህንኑ ኮራል ነው። አሁን ኮከቦቹ ተደራርበውበት ሳምንት ሙሉ አልተከፈተም።

«አይቆጡኝና አጎቴ፣ ይህ ፍጥረት ሲቆረጥ አይሞትም። ድሮም ራሱን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚራባው። እርስዎ አዋላጅ ሆኑለት እንጂ አልገደሉትም።»

«እኔ? አዋላጅ?» ደረጃው እስኪያስተጋባ ጮኹ። «አንቺ ሳትወለጂ ከሻርክ ጋር መረብ የተጓተትሁ ሰው፣ ለዚህች ቁራጭ ነገር ልሸነፍ? እምቢ!»

«እሺ፣ አልከራከርዎትም። አንዱን ለሁለት ቆርጠው በብርጭቆ ያኑሩት፤ ውኃውን ከገንዳው እየቀዱ ይለውጡለት። ወር ከቆየ በኋላ ሞቶ ካገኙት፣ ዲፕሎማዬን ዓሣ ይጠቅልሉበት።»

«ወላሂ እጠቀልልበታለሁ!»

ትዕቢት ከሌላ ሰው አፍ የመጣን እውነት አይቀበልም፤ በገዛ ዓይኑ ያየውን ግን መካድ ይቸግረዋል። አላህ ዓይንን ከምላስ በላይ ያስቀመጠው፣ አይተን እንድንናገር ይሆናል።

ወሩ ሲሞላ፣ ከጁምዓ ሰላት መልስ፣ ሐጅ ሲራጅ ብርጭቆውን ይዘው የጁማናን በር አንኳኩ። ሁለቱ ግማሾች መስታወቱ ላይ ይሄዳሉ፤ ከየቁስላቸው የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ አዳዲስ ክንዶች ወጥተዋል።

«ጉዴን እይልኝ!» አሉ እንደ ተቆጡ። «ለካ ወራሪውን ሳበዛ ነው የከረምኩት። አሁንስ? መርዝ ልጨምር?»

«መርዙ ከኮከቡ በፊት ኮራሉን ይገድለዋል። በወረንጦ ሙሉ በሙሉ እያነሡ ያውጧቸው፤ ወደ ባሕርም አይመልሷቸው። ጥቂት ቢቀሩ ግን ጉዳት የላቸውም፣ መስታወቱን ይጠርጉልዎታል። ደግሞ… ዓሣዎቹን በቀን ስንቴ ያበላሉ?»

«ሦስቴ፣ እፍኝ እፍኝ። በእኔ ቤት ምግብ ካልተረፈ እንግዳ ጠገበ አይባልም። ነውር ነው!»

«የተረፈው ይበሰብስና መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። ኮከቦቹ ያንን በልተው ይበዛሉ። የጋበዙት ዓሣዎቹን መስሎዎት ነው እንጂ፣ ድግሱን የበሉት እነሱ ናቸው።»

ሐጅ ሲራጅ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ። መቀሱን መተው ቀላል ነበር፤ ከአባታቸው የወረሱትን ለጋስ እጅ መሰብሰብ ግን ሌላ ነው። በመጨረሻ፣ «ወረንጦ አለሽ?» አሉ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት መልስ እየለቀሙ፣ ምግቡንም በጣት ቁንጥር አንዴ ብቻ እየሰጡ ሁለት ወር ቆዩ። ውኃው ጠራ፣ ሽታው ጠፋ፤ በሳምንት ያልቅ የነበረው የምግብ ቆርቆሮም ወር ዘለቀ። ኮከቦቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ዓሣዎቹ እንደ ልማዳቸው መስታወቱ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። የሽማግሌው እጅ ሳያውቀው ወደ ቆርቆሮው ሄዶ ክዳኑን ከፈተ። ዓሣዎቹን አዩ፤ ከኋላቸው ወለል ብሎ የተከፈተውን ሐምራዊ ኮራልም አዩ።

«እምቢ!» አሉ፣ ያን ጊዜ በዳርቻው ላይ ባሰሙት ድምፅ። ቆርቆሮውንም ከደኑት።