ዲሊት የተደረገው ጥያቄ

ሺፍት ጨርሼ ከቬጋስ አየር ማረፊያ ወደ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር በሚሄደው የሐበሻ ቫን ተሳፍሬያለሁ። ከፊቴ የተቀመጡ፣ አየር ማረፊያው ውስጥ መንገደኛ በዊልቸር እየገፉ የሚሠሩ አንዲት እናት አጠገባቸው ላፕቶፕ የታቀፈውን ወጣት ያናግሩታል።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ባክሎግ ማኔጅ አደርጋለሁ። ሰው አፑ ላይ እንዲሠራለት የሚጠይቀው ነገር ሁሉ ሊስት አለ፤ የሚቀድመውን እኔ እመርጣለሁ።»

«የምን አፕ?»

«የዊልቸር ገፊዎች።»

«ይሄ ስልኬ ላይ ያለው? የአውሮፕላን መሳፈሪያው ጌት ሲቀየር የማይነግረን?»

«እሱ ሊስቱ ላይ ነበር።»

«ነበር?»

«ስድስት ወር ሰው ድጋሚ ካልጠየቀ ዲሊት አደርገዋለሁ። ችግር ከሆነ ይደግማሉ ብዬ ነው።»

«የጠየቅኩት እኮ እኔ ነኝ። ዛሬ ወደ ዳላስ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ የሲያትል ጌት ላይ አስቀምጬው መጥቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልደገሙም፣ ማዘር?»

«ትልቅ ሰው ሁለቴ ይለምናል እንዴ? ዝም ስልህ መቀየሜ አይገባህም?»

«አፑ ላይ መቀየም የሚባል በተን የለም።»

«እንግዲያው እሱን ከሁሉ በላይ ጻፈው።»

እኔም ሰፈሬ ስንደርስ አንዴ ብቻ «ወራጅ አለ» ብዬ ሹፌሩ ስላልሰማኝ፣ ሳልደግም ቤቴን በመስኮት እያየሁት አለፍኩ።