ከአቮካዶው ሥር የሚስማማው ቡና

ከመገናኛ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ኢምፔሪያል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከፊትም ከኋላም መኪና ተደርድሯል፤ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነጫነጫል፤ እኔም ያለ መምህር የተቀመጡ ተማሪዎቼን እያሰብኩ ሰዓቴን አያለሁ። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ከሁላችንም ብሰው ይቁነጠነጣሉ። አቶ ገብረሰንበት ይባላሉ፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ስለምንኖር አውቃቸዋለሁ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሃረገወይን ጋር በጉብዝናቸው ጊዜ ያለሙት የቡና ማሳ ጅማ አጠገብ አላቸው።

ስልካቸው ጮኸ፤ የደወለው የማሳቸው ጠባቂ ነበር።

“እህ ነዚፍ፣ የሞተር መጋዙ መጣ? በል ጀምር። አቮካዶውን ሁሉ ጣልልኝ። ለእትዬ ሃረገወይን እንዳትነግር ብቻ፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።”

አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ዞር አለች። ሣባ እንደምትባልና ተምራ በቡና ዝርያ መረጣ ላይ እንደምትሠራ የሰማሁት ኋላ ነው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ሳላስበው ሰማሁ። አቮካዶው ምን አጠፋ?”

“ቡናዬን ገደለብኝ፣ ልጄ። የማሳ ጎረቤቴ ሜዳ ላይ የተከለው ቡና ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል። ከእሱ ችግኝ ወስጄ አቮካዶው ሥር ተከልሁ፤ ይኸው ቅጠል ብቻ! ታዲያ ጥላው አይደለም?”

“ጥላው ብቻ ባይሆንስ? የጎረቤትዎ ዝርያ የተመረጠው ፀሐይ ላይ ባፈራው ልክ ነው። ከሌላ ዛፍ ጋር መኖር መቻሉን ማን አየ?”

“ቡና ቡና ነው። እኛ ስንጀምር ያገኘነውን ነበር የምንተክለው።”

“ያን ጊዜ ከተከላችሁት የቀረ አለ?”

“በጓሮ በኩል አሮጌ የቡና እግሮች አሉ። እነሱማ አቮካዶው ሥር ሆነውም ያፈራሉ። ሃረገወይን ለይታ የምትወዳቸው አሏት፤ ዓመት አይዘሉም ትላለች።”

“እንግዲያው የሚፈልጉት ቡና እጅዎ ላይ ነው!” አለች ሣባ፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። “ከእነዚያ ውስጥ ጥላ ሥር ሳያቋርጥ የሚያፈራውን፣ ፍሬው የማይበሰብሰውን ይለዩ። ጥላ እርጥበት ይይዛል፤ በሽታ የማይችል ቡና አይበጅም። የአንድ ዓመት ፍሬ አያታልልዎት፤ ደጋግመው ይዩት። ዘሩን ከእነሱ ወስደው መጀመሪያ በጥቂቱ ይሞክሩ። አቮካዶውንም ብርሃን እንዲያሳልፍ ቅርንጫፉን ያሳሱት እንጂ አይጣሉት።”

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባየነው ፍሬ እንጎመጃለን፤ የት ሆኖ እንዳፈራ ግን አንጠይቅም።

አቶ ገብረሰንበት ግን ተቆጡ። “ዕድሜዬን አታይም? ያን ሁሉ ዓመት ልጠብቅ?”

“ሜዳ ላይ የሚተክሉትስ ነገ ይደርሳል? እሱንም ይጠብቁታል። ልዩነቱ፣ እሱን የሚጠብቁት እስከዚያ የሚበሉትን አቮካዶ ቆርጠው ነው። አልዋሽዎትም፤ ጥላ ሥር ያለ ቡና የሜዳውን ያህል ላይሸከም ይችላል። ነገር ግን ቶሎ አይደክምም፣ ድርቅ ሲመጣም አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይቆይለታል።”

ሽማግሌው ስልኩን አንስተው ነዚፍን ሊያስቆሙት ደወሉ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግመው ደወሉ።

“መጋዙ እየጮኸ ስልኩን አይሰማም!” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “መምህር፣ ምን ላድርግ?”

“ሌላ ስልክ የለውም?”

“የሚስቱ አለ። ቁጥሩ ያለው ሃረገወይን ጋ ነው።”

ለሚስታቸው መንገር ሊኖርባቸው ነው፤ አቮካዶዎቹን አንድ በአንድ የተከሉት ደግሞ ወይዘሮ ሃረገወይን ናቸው። አቶ ገብረሰንበት ደወሉላቸው።

“ሃረግ... አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ስድቡን በኋላ ታደርሺልኛለሽ፤ አሁን ለነዚፍ ሚስት ደውዪ። መጋዙን ታስቁመው። አዎ፣ ያንቺን አቮካዶ።”

የሴትዮዋ ጩኸት ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። ከዚያ ተቋረጠ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ማንንም ደስ አላለው፤ ተሳፋሪው ሁሉ የሽማግሌውን እጅ ያያል። ቦሌ ልንገባ ስንል ስልኩ ጮኸ። ነዚፍ ነበር። አንዱ ዛፍ ወድቋል፤ ሌሎቹ ቆመዋል።

ሣባ በዚያው ክረምት ከባልና ሚስቱ ጋር ወደ ማሳው ወረደች። ወይዘሮ ሃረገወይን ከአንዱ የቡና እግር ወደ ሌላው እየመሩ የሚያውቋቸውን አሳዩአት፤ እሷም በሽታ ያለበትን እየለየች አስቀረች። ከተመረጡት የፈሉት ችግኞች ዓመታት አልፈው ዛሬ ማፍራት ጀምረዋል። የቤቱ ሰው ቡና ቢያንሰው አቮካዶ አለው፣ አቮካዶው ቢያንሰው ቡና። የሚረግፈው ቅጠልም አፈሩን ያለብሰዋል።

ባለፈው እሑድ አቶ ገብረሰንበትን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ለመንገድ ተነሥተዋል።

“የማሳ ጎረቤቴ አቮካዶ ሊተክል ነው፤ የእኛን ቡና ዘር ጠየቀኝ” አሉ።

“ሰጡት?”

“እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ሃረገወይን ፊት አቀረብሁት። መጀመሪያ ማሳህን ልይ ብላዋለች።”