ለወይዘሮ ተሻለች የተደበቀው መርዶ

በ1971 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪዬን ልወስድ አሰላ ውስጥ ካለው ከጅብሪል ልብስ ስፌት ቤት ጎራ አልሁ። እዚያም ላገኛቸው የማልሻቸውን ሰው አገኘሁ። አቶ ገብረወልድ ከደጃፉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወፍራም የፈረንጅ ካፖርት ታቅፈዋል። ካፖርቱን የሰጡት በእርሻ ልማቱ የሚሠሩ ስዊድኖች ናቸው። እኅታቸው ወይዘሮ ተሻለች ለሕክምና ወደ ስዊድን ሊሄዱ ነውና፣ ጅብሪል በቁመታቸው ልክ እንዲያሳጥረው አምጥተውታል።

ሽማግሌውን የምሸሻቸው ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ የዕድራችን ዳኛ፣ ደግና ጨዋ ሰው ናቸው። የምሸሻቸው በልመናቸው የሠራሁት ሥራ ስለሚያሳፍረኝ ነው። የወይዘሮ ተሻለች አንድ ልጅ ፍሰሐ ባለፈው ሐምሌ በሰሜን ግንባር ሞቷል። ወረቀቱ ቀበሌ ሲደርስ እናትየው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ አልጋ ላይ ነበሩ። “ትንሽ እስኪሻላት” ተባለና መርዶው ተደበቀ። እኔ መምህር ተብዬው ደግሞ፣ ከልጁ እንደ መጣ አስመስዬ ሰባት ደብዳቤ ጻፍሁ።

ከተማው ሁሉ ሲያውቅ የማያውቁት እናትየው ብቻ ናቸው። የጅብሪል ቤት ከእሳቸው ግቢ ጋር በአንድ አጥር ስለሚገናኝ፣ ሐዘን የተቀመጡት ዘመዶች መጀመሪያ እዚህ ይገባሉ። ጥቁር ልብሳቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ ነጭ ይለብሳሉ፣ ፊታቸውን አስተካክለው በሽተኛዋን ሊጠይቁ ይሻገራሉ። የዚያን ዕለት ግድግዳው ላይ አራት ጥቁር ቀሚሶች ተሰቅለው ነበር። ይህን ሁሉ ደግነት ነበር የምንለው።

“መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣህ” አሉኝ አቶ ገብረወልድ። “አንዲት ደብዳቤ ብቻ ጨምርልኝ። የመጨረሻ ናት።”

“ደግሞ ምን የምትል?”

“‘ሂጂና ታከሚ እናቴ፤ ስትመለሺ እመጣለሁ’ የምትል። ባለፈው በግንቦት ፈቃድ ወጥቶ ይመጣል ብለህ ጽፈህ የለ? እሷ ያንን ይዛ ‘ልጄን ሳላይ ካገር አልወጣም’ አለች። ቀጠሮዋ ደግሞ ለሚያዝያ ሃያ አምስት ነው።”

የግንቦቱን ፈቃድ ጻፍ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ደብዳቤው ደረቅ ሆኖ ታየኝና ከራሴ ጨመርሁት። በዚያች አንዲት መስመር የሴትዮዋን ሕክምና ዘጋሁት ማለት ነው።

ይህን ስንነጋገር ውድነሽ ገባች። የሌላዋ እኅታቸው ልጅ ናት፤ ነርስ ስለሆነች ከአክስቷ ጋር ተጓዥ እሷ ነበረች። ጥቁር ሹራቧን ለማውለቅ አንድ እጇን እንዳወጣች የአጎቷን ልመና ሰማችና መልሳ ለበሰችው።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ደብዳቤ አይጻፍ” አለች።

“ታዲያ ትቅር? ሳትታከም ትሙት?”

“ትታከም እንጂ። ግን እንዴት እንደምትታከም ያውቃሉ? በቢላ አይቀዷትም፣ አያስተኟትም። ቆዳዋን በመርፌ ያደነዝዙና የብረት ቀለበት በአራት ብሎን ጭንቅላቷ ላይ ያስራሉ። ከዚያ ብዙ ጨረር ከየአቅጣጫው አንጎሏ ውስጥ ደም ባፈሰሰው በተወሳሰበው የደም ሥር ላይ ይሰበስባሉ። ያን ጊዜ ሁሉ ነቅታ፣ ብቻዋን፣ ሳትነቃነቅ ትተኛለች። እኔ እንኳ ከበሩ ውጭ ነኝ። ምን እንደታመመች ያልነገርናት ሴት፣ ‘ራስ ምታት ነው’ ያልናት ሴት፣ ያን ብረት ስታይ ምን ትላለች?”

“ባህላችን ነው ልጄ። በሽተኛን በበሽታው ስም አናስደነግጥም። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያቆዩን።”

“አባቶቻችን ለሚያጣጥር ሰው ነበር የሚደብቁት። እሷ ግን መንገድ ልትሄድ ነው። ከስዊድኑ ሆስፒታል የመጣውን ማዘዣ መምህር ተርጉመውልናል፤ ይጠይቋቸው። ጭንቅላቷ ቅቤ ሳይነካው በሳሙና ይታጠብ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እህል አትቅመስ ይላል። ከሁሉ በፊት የተጻፈው ግን ‘ሕመምተኛዋ ሁሉንም ተረድታ ትምጣ’ የሚል ነው።”

“እውነት ነው፣ እንዲህ ይላል” አልሁ አንገቴን ደፍቼ።

አቶ ገብረወልድ ካፖርቱን ጠበቅ አድርገው ያዙ። “እሺ፣ በሽታው ይነገራት። ስለ ልጁ ግን አይሆንም። ድንጋጤ ይገድላታል፤ ያ የደም ሥር ይፈነዳል። ታክማ ትዳን፣ ከዚያ ቀስ ብለን…”

“እዚህ ያለውን የስዊድን ዶክተር ይህንኑ ጠይቄዋለሁ ጋሼ። ‘ልቅሶ አይጎዳትም ብዬ አልምልም’ ነው ያለኝ። ግን ጨረሩ ያን ዕለት አያድንም። ሥሩ ቀስ እያለ እስኪደፈን ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ላይደፈንም ይችላል። እስከዚያ የመፍሰሱ ፍርሃት እንዳለ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሊያስጽፉ ነው? ለመርዶ የሚመች ቀን የላትም።”

ጅብሪል የስፌት መኪናውን በእጁ አቆመና ያለ ወትሮው ከወሬው ገባ። “አቦ፣ እኔም ልናገር። ሚስቴ ሀሊሜ እሷ ቤት መግባት ትታለች ወላሂ። ሁልጊዜ ‘ፍሰሐዬ ሲመጣ ሱሪ በነጻ ይሰፋለታል’ ትላታለች፤ ምን ትመልስ? ረቢ ነው የሚያውቀው፣ እኛም ደከመን።”

ውድነሽ ከአጎቷ አጠገብ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ጋሼ፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነዎት። ያለፈው እሑድ ቄሱ የፍሰሐን ስም የጠሩት ከማን ጋር ነው?”

ዓይናቸውን ካፖርቱ ላይ ጣሉ።

“ከሕያዋን ጋር ነው። እናቱ ‘በሰላም መልሰው’ ብላ ጧፍ ልካ። አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ፤ ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው። እሷ እንዳትሰማ ብለን ልጁን ‘ነፍስ ይማር’ እንኳ አላልነውም። እርስዎ አሳድገውታል፤ እስከ ዛሬ አልቅሰውለታል?”

አቶ ገብረወልድ ካፖርቱ ላይ ተደፍተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ ሐዘን ይሁን እፍረት እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ቀና አሉና “ሰኞ ጧት እንነግራታለን” አሉ።

ሰኞ ጧት በጅብሪል ቤት ልብስ የለወጠ ሰው አልነበረም። ጥቁራችንን እንደለበስን በዋናው በር ገባን። ወይዘሮ ተሻለች በረንዳው ላይ ነበሩ። አንድ ጥቁር ሲያዩ ቀና አሉ፣ ሁለተኛውን ሲያዩ ተነሡ፣ አቶ ገብረወልድን ሲያዩ ማንም ሳይናገር ጮኹ። ሦስት ቀን አለቀሱ። ውድነሽ የእጃቸውን የደም ሥር ይዛ ካጠገባቸው አልተለየችም። የፈራነው አልደረሰም፤ ሊደርስ ይችል እንደነበር ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን አስጠሩኝ።

“ደብዳቤዎቹን የጻፍኸው አንተ ነህ አሉ።”

“እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“‘እማዬ፣ እርጎሽ ናፈቀኝ’ ያልኸውም?”

“አዎ።” የወተት ማሰባሰቢያው ኃላፊ ስለ ነበሩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር የጻፍሁት።

“ፍሰሐ እርጎ ወዶ አያውቅም። ደብዳቤውን ሲያነቡልኝ፣ ልጄ የጠላውን እስኪናፍቅ ድረስ ምን ያህል ቸግሮት ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስሁ። ያ ልቅሶ ለማን እንደነበር ንገረኝ።”

የተማርሁ ነኝ ባይ ሁሉ፣ ለሰው ማዘን በሚል ስም የሰውን ሐዘን እንዴት እንደምንሰርቅ እንዲያውቀው ይህን እጽፋለሁ።

ወይዘሮ ተሻለች የሚደርስባቸውን ሁሉ ውድነሽን እየጠየቁ ተረዱ። አልጋቸው ላይ ሰዓት ከፊታቸው አስቀምጠው ሳይነቃነቁ መተኛትን ተለማመዱ። በቀጠሮው ቀን ብረቱ ሲታሰርላቸው አልጮሁም፣ እስከ መጨረሻውም አልተንቀሳቀሱም። ተመልሰው ሲመጡ የወተት ጋን እንዳያነሡ፣ ጠያቂም ሁለት ሁለት እየሆነ እንዲገባ ተደረገ። የሚገባውም የሐዘን ልብሱን እንደለበሰ ነበር።

አቶ ገብረወልድ በዕድሩ ስብሰባ ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ “ወገኖቼ፣ እኔ እኅቴን እወዳለሁ ብዬ ስምንት ወር ከሰው ለየኋት። እውነቱን ስትሰማ ለልጇ አለቀሰች፣ ፍትሐቱን አስፈታች፣ ለሕክምናዋ ራሷ እሺ አለች። እኛም በመስኮት እንደሚገባ ሌባ ቤቷ መግባት ተውን። ከእንግዲህ በዚህ ዕድር ሞትም በሽታም ከባለቤቱ አይደበቅ።” የተቃወመ አልነበረም። ልጁን ግን የመለሰልን ማንም የለም።

ዛሬ ሁለቱ ዓመት ሞልቷል። የደም ሥሩ መደፈኑን ለማየት ወይዘሮ ተሻለች እንደገና ስዊድን ሄደው በራጅ መታየት ነበረባቸው። ዶክተሩ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ገብቷል፤ እሳቸውም የመውጫ ፈቃድ ተከልክለዋል። ትናንት ከአቶ ገብረወልድ ጋር ልጠይቃቸው ሄድሁ። ወይዘሮ ተሻለች ወንድማቸውን አተኩረው አዩአቸውና “ጋሼ፣ ድኛለሁ?” አሉ።

ሽማግሌው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ “ድነሻል እንጂ” ለማለት አያመነቱም ነበር።

“አላውቅም እኅቴ” አሉ።

ወይዘሮ ተሻለች ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው የወንድማቸውን እጅ ያዙ።