ጠላን ከዓለም ቢራዎች ጋር ያዛመዱት አቶ ኢያቄም ዳኜ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የእድራችን አባላት፣ ከፉሪ፣ ከለቡና ከሩቅም ከቅርብም ለሽኝት የመጣችሁ ወዳጆች፤ አቶ ኢያቄም ዳኜ ሊያርፉ አንድ ወር ሲቀራቸው፣ በቀብራቸው ዕለት ታሪካቸው በለቅሶ ዜማ ሳይሆን ደስ እያለው በሚናገር ሰው አፍ እንዲነበብ ስለተናዘዙ፣ የሠላሳ ዓመት የሥራ ባልደረባቸው የሆነው የዚህ ጽሑፍ አንባቢ፣ ስሙ ነገሪ የሚባለው፣ ቃላቸውን ለመጠበቅ ከፊታችሁ ቆሟል፤ በመካከሉ ድምፁ ቢሰበር ጥፋቱ የአንባቢው እንጂ የሟች አይደለም።

አቶ ኢያቄም ከአባታቸው ከአቶ ዳኜ ወልደ ሰማዕት፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች ገብረ ፃድቅ በ1930 ዓ.ም በቡልጋ ተወለዱ። እናታቸው ለደብሩ ንግሥ ጠላ በመጥመቅ በአገሩ የታወቁ ባለሙያ ነበሩ፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ በሚታጠንበት ጊዜ ሕፃኑ ኢያቄም ካላሸተትኩ እያሉ ስለሚያስቸግሩ፣ ወይዘሮ ተሾመች «ይህን ልጅስ አፍንጫው ይቀድመዋል» ማለታቸው በቤተሰቡ ዘንድ እንደ ትንቢት ይወሳል። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በ1942 ዓ.ም ከአጎታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1949 ዓ.ም በከተማችን በሚገኝ አንድ የቢራ ፋብሪካ በጠርሙስ አጣቢነት ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን ሰው ባዶውን ጠርሙስ ላምባ ሲያስቀምጥበት ከርሞ ለፋብሪካው ይመልስ ስለነበር፣ ላምባ የነካውን ለይቶ መጣል ትልቅ ጣጣ ነበር፤ አቶ ኢያቄም ግን ሳጥኑን በአፍንጫቸው አንዴ ቃኘት አድርገው «ከዚህኛው ሦስተኛውን አውጡት» ይሉና ሦስተኛው ይወጣል። ይህን ያዩት የውጭ አገር ተወላጅ የጠመቃ ኃላፊ ከአጣቢነት አንስተው ወደ መጥመቂያው ክፍል አዛወሯቸው፤ ከዚያም በቀማሽነት እስከ ጡረታቸው እስከ 1985 ዓ.ም በቅንነት አገለገሉ። ቀማሽ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ሲንገዳገዱ ያያቸው ሰው ካለ አሁኑኑ እጁን ያውጣ!

ያ ኃላፊ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የዓለም ቢራዎች የጠርሙስ ወረቀት የተለጠፈበትን አንድ ጠንካራ ደብተር ለአቶ ኢያቄም አበረከቱላቸው፤ የሕይወታቸውም እሳት በዚህ ደብተር ተጫረ። ከድሬዳዋ አልፈው የማያውቁት እኚህ ሰው፣ ለትምህርት ወደ ቼኮዝሎቫኪያና ወደ ጀርመን የሚሄደውን የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ሻንጣውን እየያዙ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይሸኙት ነበር፤ ሲመለስም የሚጠይቁት ስለ ጤናው አልነበረም። ባዶው ጠርሙስ ለብ ባለ ውኃ ይነከራል፣ ወረቀቱ ሳይቀደድ ይላጣል፣ በጋዜጣ መካከል ይደርቃል፣ በደብተሩም ላይ ቦታውን ይይዛል። ባለፈው ወር ስንቆጥረው አራት መቶ አሥራ ሁለት ደርሷል። ስለ ቢራ መናገር ሲጀምሩ መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር፤ ብድግ ብለው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ስለ ቼኮች ወርቃማ ቢራና ስለ አይሪሾች ጥቁር ቢራ፣ ጾምና ጸሎታቸውን ሳያስታጉሉ ስለሚጠምቁት የቤልጅየም መነኮሳት፣ ከሁሉ አብልጠው ደግሞ ብራስልስ አጠገብ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው እርሾውን ከነፋስ ስለሚለምኑት ጠማቂዎች ሲያወሩ፣ አድማጩ የቀጠረው ሰው እንዳለ ይረሳ ነበር።

ትዳራቸውም ከሙያቸው የራቀ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ የቀረበላቸውን ጠላ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው፣ ጽዋውን ሳያስቀምጡ «ይህን የጠመቀች እጅ የማን ናት?» ብለው ስለጠየቁ የዛሬዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ እማዋይሽ ከጓዳ ተጠሩ፤ በዓመቱም በተክሊል ተጋብተው ጎፋ ላይ ጎጆ ወጡ። ጠላውን ወደው ሴትዮዋን አገቡ እያልን ስንቀልድባቸው ሳያፍሩ «ሁለቱንም ነው» ይሉን ነበር። በዚህ በተባረከ ጋብቻ ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ታዲያ እኚህ የዓለምን ቢራ በደብተር የሰበሰቡ ሰው አንድ የሚከነክናቸው ነገር ነበር፤ ይኸውም ከአራት መቶው ወረቀት መካከል የወይዘሮ እማዋይሽ ጠላ ቦታ አለማግኘቱ ነው። በጡረታቸው ማግስት ከአንድ የቆየ መጽሔት ላይ፣ በጀርመን አገር ባምበርግ በምትባል ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው ጭስ ጭስ የሚል ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች እንዳሉ ባነበቡ ዕለት፣ መጽሔቱን እንደያዙ ከጎፋ እስከ ፉሪ በእግራቸው መጥተው የዚህን ጽሑፍ አንባቢ ከምሳው አስነሡት። ጭሱ ከባምበርግ፣ የነፋሱ እርሾ ከብራስልስ፣ በአንድ ጋን ውስጥ ተገናኝተው እኛ ቤት ይኖራሉ፤ ጠላ ዘመድ አለው፤ ዘመድነቱንም ከራሳቸው ከጠማቂዎቹ አፍ ሳልሰማ አልሞትም አሉ። ጓደኞቻቸው ሁላችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብለን ሳቅንባቸው። ዛሬ በአደባባይ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በ1986 ዓ.ም መጋቢት ወር የወይዘሮ እማዋይሽን ጠላ በሁለት የቢራ ጠርሙስ ሞልተው፣ ቆርኪ ገጥመው፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ፖስታ ቤት ለመሄድ ከአንባቢው ጋር ታክሲ ተሳፈሩ። የፋብሪካ ቢራ እርሾው ተጣርቶ፣ በሙቀትም ጸጥ ተደርጎ እንደሚታሸግ፣ ጠላ ግን ሕያው በመሆኑ በጠርሙስ ውስጥም ሥራውን እንደማያቆም ለአዲስ ሠራተኞች ሲያስተምሩ የኖሩት እሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ጠዋት ግን ከደስታቸው ብዛት ረሱት። ታክሲው ቄራን እንዳለፈ ሁለቱም ጠርሙሶች ተከታትለው ፈነዱ። ዘመኑ የተኩስ ድምፅ ከጆሮ ያልጠፋበት ስለነበር ሾፌሩ መኪናውን ገትሮ ወረደ፣ ተሳፋሪውም በበርና በመስኮት ፈሰሰ፤ በመጨረሻው ወንበር የነበሩ አንዲት እናት ብቻ ሳይነሡ አየሩን ሳብ አድርገው «ምን ቦምብ ነው፣ ጠላ ነው እንጂ! ያውም የባለሙያ ጠላ!» ብለው ፈረዱ። አቶ ኢያቄም ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው ርሰው፣ አተላ ከጢማቸው እየተንጠባጠበ፣ ወደ ሴትዮዋ ዞረው በታላቅ ትሕትና «ጭሱስ ተሰማዎት?» ብለው ጠየቁ።

እዚህ ላይ ስለ ታናሿ ልጃቸው ስለ ትሕትና መናገር ያስፈልጋል። ትሕትና ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ የጴንጤቆስጤን እምነት ከተቀበለች ወዲህ የአባቷን ሙያ የሰው ቤት የሚያፈርስ ሥራ ነው ብላ ስለተናገረች፣ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ከእግዚአብሔር ይመስገን ያለፈ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመት አልፏቸው ነበር። የዚያን ዕለት አባቷ እንደዚያ ሆነው በግቢው በር ሲገቡ ግን ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ቆይተው ተቃቅፈው አለቀሱ። ጋቢውን ሦስት ጊዜ አጥባ ሽታው አልለቅ ሲላት «አባዬ፣ ሕያው ነገር ታሽጎ አይላክም፤ ዘሩን ላክና እዚያው ይጥመቁት» አለቻቸው። ይህ ምክር ከቀማሹም፣ ከጠማቂዋም፣ ሠላሳ ዓመት ቢራ ካጣሩትም ጓደኞቻቸው አእምሮ ያልመጣ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትሕትና የአባቷ ጸሐፊ ሆነች፤ አንድም ውሸት እንዳይጨመር፣ ጠጡ የሚል ቃልም ከእጇ እንዳይወጣ በሚል ስምምነት፣ አባቷ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ እሷ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ለዘጠኝ አነስተኛ ጠመቃ ቤቶች ጻፈች። ከዘጠኙ አንዳንዶቹ መልስ ሳይሰጡ ቀሩ፣ አንዳንዶቹም ለደብተሩ የሚሆን ወረቀት ላኩ፤ ከባምበርግ አቅራቢያ በአንድ መንደር የሚጠምቅ ቤተሰብ ግን ላኩልን፣ እንሞክረዋለን ብሎ መለሰ። በ1989 ዓ.ም ጌሾ፣ ብቅል፣ አሻሮና የወይራ ፍልጥ በካርቶን ተጭኖ፣ የወይዘሮ እማዋይሽ የአጠማመቅ ሥርዓት በአራት ገጽ ተጽፎ፣ የታክሲውም አደጋ ማስጠንቀቂያ እንዲሆናቸው በዝርዝር ተገልጾ ተላከ። በፖስታ ቤቱ መስኮት የነበሩት ሠራተኛ ቅጠሉን አይተው ምንነቱን ሲጠይቁ፣ አቶ ኢያቄም ስለ ጌሾ የሰጡት ማብራሪያ ረዝሞ ተሰላፊው ሁሉ ተራውን ትቶ ይሰማቸው ነበር።

በ1990 ዓ.ም ከፋሲካ በኋላ አቶ ኢያቄም የጉሮሮ ሕመም ጸናባቸው፤ በአገራችን ሐኪሞች ብዙ ቢደከምላቸውም መዋጥ እያቃታቸው ሄደ፣ ያ ከመቶ ጠርሙስ አንዱን የሚለየው አፍንጫቸውም ሽታ መለየት ተወ። ሕመሙን በትዕግሥት ተቀበሉ፤ የአፍንጫቸው ነገር ግን አስለቅሷቸዋል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ፣ ባለፈው መስከረም ማለቂያ፣ ለሥራ ወደ አገራችን ስትመጣ ያ ጠማቂ ቤተሰብ ዕቃ ያስያዛት አንዲት ጀርመናዊት ነርስ የጎፋን መንደር ጠይቃ ጠይቃ ከቤታቸው ደረሰች። በእጇ የያዘችው ወፍራም ጠርሙስ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ተሰምቶ ኖሮ ቡሹ በሽቦ ተጠፍሮ ታስሯል። በጠርሙሱም ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከላይ በላቲን ፊደል ጠላ፣ ከሥሩም እማዋይሽ ይላል! አብሮት የመጣው ደብዳቤ፣ ጠላው ለመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን በዓል ተጠምቆ በርሜሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዳለቀ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ይህ የጭስ ቢራችን የሩቅ አጎት ነው እንዳሉ ይገልጻል። ትሕትና አጎት የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ እንድታነበው ታዘዘች።

ጠርሙሱ ተከፈተ፤ አቶ ኢያቄም ግን ሊቀምሱት አልቻሉም። ወይዘሮ እማዋይሽ ቀመሱላቸው፤ አንደበታቸው ላይ አቆይተው፣ ዋጥ አድርገው፣ «ጌሾ አንሶታል» አሉ። ትሕትና በእምነቷ ከከንፈሯ የማታደርሰውን ያን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ረጅም ትንፋሽ ስባ አሸተተችላቸው፤ ከዚያም ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ ጭሱ አለ። የእኛ ጓዳ ነው የሚሸተው» አለች። አቶ ኢያቄም ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋቸው ብድግ ብለው ቆሙ፤ እጃቸውንም እያወናጨፉ እስኪደክማቸው ሳቁ። ወረቀቱ በሞቀ ውኃ ተላጥቶ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ተለጠፈ፤ የለጠፉትም እሳቸው ናቸው።

አቶ ኢያቄም ዳኜ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ትናንት ኅዳር 14 ቀን 1991 ዓ.ም ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ እማዋይሽን፣ ልጆቻቸውን ሚሳኤልን፣ ቤተልሄምንና ትሕትናን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ከታክሲው የተረፈውን ይህን አንባቢ፣ እንዲሁም ፊታቸውን አይተው የማያውቋቸውን የባምበርግ ዘመዶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ለእነዚህ ዘመዶች በመጨረሻ ቀናቸው ያስጻፉት ደብዳቤ አሁን በትሕትና ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ነገ ጠዋት ይላካል። ሙሉ ቃሉም ይህ ነው፦ «ደርሶናል። ባለቤቴ ቀምሳዋለች፣ ልጄ አሽትታልኛለች፣ እኔ ሰምቼዋለሁ። ጌሾ ጨምሩበት።»

በቃና ሰርግ ቤት ጋኖቹን ውኃ ሙሉአቸው ያለው፣ የመጨረሻውንም ከመጀመሪያው ያጣፈጠው ጌታ፣ የወንድማችንን ነፍስ በሰርጉ አዳራሽ ያስቀምጥልን፤ በዚያም አፍንጫቸውን ይመልስላቸው። አሜን።