መጨረሻውን ያላየሁት ፊልም

ኮሎሲየም አጠገብ ቀዝቃዛ ውሃ እየሸጥኩ፣ አንዲት ሴት በዊልቸር የምትገፋቸውን ህንዳዊ ሽማግሌ ሳይ ክው አልኩ። አክተሩ ናቸው! እኔ እኮ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የእሳቸውን ፊልም ለማየት ስፎርፍ ነው ከሰባተኛ ክፍል የቀረሁት። ሮጬ ሄጄ ስማቸውን ጠራሁ። ሴትየዋ ልጃቸው ኖራለች፤ «አባቴ ፊልም መሥራቱንም ረስቷል» አለችኝ በጣልያንኛ። አሎራ፣ እንግዲያውስ ብዬ ውሃዬን መሬት አስቀምጬ የምወደውን ፊልማቸውን እኔው እተርክላቸው ጀመር። ባቡር ጣቢያ ኩሊ ሆነው የጠፋ ወንድማቸውን ሲፈልጉ፣ ዝናብ ውስጥ ሲዘፍኑ፣ አሥር ሰው ብቻቸውን ሲዘርሩ። ልጃቸው እየሳቀች ታስተረጉማለች፤ እሳቸው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው «ከዚያስ?» ይላሉ። አንድ ድልድይ ላይ በጥይት ተመተው ወደቁ ስላቸው፣ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና «እሞታለሁ?» አሉኝ።

እኔን ደግሞ እናቴ ጆሮዬን ጠምዝዛ ከቪዲዮ ቤት ያወጣችኝ ልክ እዚያች ቦታ ላይ ነው። «አባባ፣ እኔ እንጃ፤ መጨረሻውን አላየሁትም» አልኳቸው። እጄን ለቀቁት። ልጃቸው አመስግናኝ ዊልቸሩን ገፋች፤ እሳቸው ግን እስኪርቁ ድረስ ዞረው እያዩኝ ነበር። እስቲ ፍረዱኝ! ለፖሊስ ስዋሽ፣ ለአከራይ ስዋሽ የኖርኩ ሰውዬ፣ ያን ቀን እውነት ምን አናገረኝ? «ይድናሉ» ብላቸውም እኮ ውሸት አይሆንብኝም ነበር። እኛ ቪዲዮ ቤት ማንም ልጅ ፊልሙን ሳያይም የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ አክተር አይሞትም።